በይፋት ቆላ የወባ ትንኝን ከውኃ ሳትወጣ መግታት ይቻላልን?

ከደብረ ሲና ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከብርድ ወደ ሐሩር ይገባል። ደብረ ሲና ከባሕር ወለል በላይ ከ2600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖራት፣ ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር አትሞላም። ለሽንኩርቱ፣ ለማሾውና ለማሽላው የሚስማማው የይፋት ቆላ ሙቀት ለወባ ትንኝም የሚስማማ በመሆኑ፣ ለአጨዳ፣ ለሽንኩርት ነቀላ ወይም ለገበያ ወደ ቀወት የወረደ ደገኛ ንዳድ ይዞ ወደ ቤቱ መመለሱ የቆየ ነገር ነው። ቆለኛውማ ከበሽታው ጋር አብሮ ይኖራል። ወባ በብርቱ የምትነሣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ እንደገናም የበልጉ ዝናብ ከጣለ በኋላ በመሆኑ፣ ሰው አልጋ የሚይዝበት ጊዜ የሰው ጉልበት እጅግ ከሚፈለግበት ወቅት ጋር ይገጥማል። በሽታው ሰው ባይገድል እንኳ ሰብል ያስቀራል።

የጉዳቱን ክብደት ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. ታኅሣሥ በአገሪቱ የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደ ገደለ ተመዝግቧል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው ከዚያ ጥፋት በኋላ ነው። በቅርቡም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ቀን ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ መያዛቸውንና 1157 ሰዎች መሞታቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ከሕሙማኑ 18 በመቶ ያህሉ የአማራ ክልል ነዋሪዎች ነበሩ።

እስከ ዛሬ ለመከላከያ የተያዙት ሁለት ዋና መንገዶች አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት ናቸው። ሁለቱም ብዙ ሕይወት አድነዋል። ይሁንና ሁለቱም የሚጠብቁት ትንኟ አድጋ፣ በርራ፣ ቤት ስትገባ ነው። በኢትዮጵያ ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ፣ አኖፌለስ አራቢየንሲስ የምትባለው ትንኝ፣ ገና ሰው ሳይተኛ በምሽትና በደጅ ጭምር ትናከሳለች፤ ከከብትም ደም ትመገባለች። ለአሥርተ ዓመታት የቤት ግድግዳ ሲረጭበት የኖረውን ዲ.ዲ.ቲ. ስለለመደችው መድኃኒቱ ተትቶ በሌላ ተተክቷል፤ ከተተኩትም አንዳንዶቹን እየለመደች ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ፊታቸውን ወደ ውኃው፣ ማለትም ትንኟ ክንፍ ሳታወጣ እጭ ሆና ወደምትኖርበት ኩሬና ቦይ ማዞራቸው አያስደንቅም። በዚህ ረገድ በዓለም ዙሪያ ስሙ የሚነሣው ከአፈር ባክቴሪያ የሚሠራ ቢ.ቲ.አይ. የተባለ መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት ለይፋት ቆላ ምን ያህል ይበጃል የሚለውን ለመመዘን አስቀድሞ እንዴት እንደሚገድል ማወቅ ያሻል። ምክንያቱም የመድኃኒቱ ብርታትም ሆነ ድካም የሚመነጨው ከአገዳደሉ ነው።

የባክቴሪያው ታሪክ ረዘም ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 በጃፓን የሐር ትል የሚፈጅ አንድ ባክቴሪያ ተገኘ። በ1911 የዚሁ ዝርያ ባክቴሪያ በጀርመን አገር ቱሪንጂያ በተባለ አውራጃ ዱቄት በሚያበላሽ ተባይ ላይ ታይቶ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ተባለ። ለብዙ ዓመታት ግን የሚታወቀው የእርሻ አባጨጓሬዎችን በመግደል ብቻ ነበር። በ1976 ማርጋሊትና ጎልድበርግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ፣ በደረቀ ወንዝ ውስጥ በቀረ ኩሬ ላይ የትንኝ እጮች በብዛት ሞተው አገኙ። ከዚያ ኩሬ የተለየው የባክቴሪያው ወገን እስራኤለንሲስ የሚል ስም ተጨመረለት። ቢ.ቲ.አይ. የሚባለውም ይኸው ነው።

ይህ ዓይነቱ አጋጣሚ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው ነበር የእንዶድን ኃይል ለዓለም ያስተዋወቁት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እንዶድ በርከት ሲል ዓሣም የሚገድል መሆኑ ነው። ቢ.ቲ.አይ. ግን ዓሣ አይነካም። ለምን እንደማይነካ ከዚህ በታች ይታያል።

የትንኝ እጭ ውኃ ውስጥ ስትኖር ምግቧን አትመርጥም። በአፏ ዙሪያ ባሉት ጠጉሮች ውኃውን ወደ ራሷ እየሳበች በውኃው ውስጥ ያለውን ደቃቅ ነገር ሁሉ፣ ዋቅላሚም ሆነ ባክቴሪያ ወይም ብናኝ፣ ትውጣለች። የወባ ትንኝ እጭ ደግሞ በውኃው ገጽ ላይ ተጋድማ ስለምትኖር ዋናው ምግቧ በላይ የሚንሳፈፈው ነው። በዚህ በኩል የቆላ ገበሬ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ጥናት፣ ኩሬ ላይ የሚበንነውን የበቆሎ ጽጌ ብናኝ የሚመገቡ የወባ ትንኝ እጮች ፈጥነውና ፋፍተው እንደሚያድጉ አሳይቷል። ቀጥሎም በጎጃም በቡሬ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1998 የደረሰውን ወረርሽኝ የመረመሩ ሰዎች፣ በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቀበሌዎች የወባ ሕሙማን ቁጥር በቆሎ አነስ ከሚልባቸው ይልቅ 9 እጥፍ ተኩል ያህል ሆኖ አግኝተውታል። በቆሎ ይነቀል ማለት አይደለም። ነገር ግን በመኖሪያ ቤትና በኩሬ አጠገብ በቆሎ የሚዘራ ሰው ለትንኝ ቀለብ እየሰፈረ መሆኑን ቢያውቅ መልካም ነው።

ቢ.ቲ.አይ. የሚገባው በዚሁ የአመጋገብ በር ነው። ባክቴሪያው ምግብ ሲያጣ በአካሉ ውስጥ ዘር መሰል ነገር ያበጃል፤ ከዚሁም ጋር በዓይን የማይታይ እንደ ጨው ቅንጣት የጠጠረ ፕሮቲን ያዘጋጃል። መርዙ ያለው በዚህ ቅንጣት ውስጥ ነው። ቅንጣቱ እንዳለ ቢቀመጥ፣ በእጅ ቢታሸት ወይም በቆዳ ላይ ቢያርፍ መርዝነት የለውም። እጭዋ ስትውጠው ግን ነገሩ ይለወጣል። የትንኝ እጭ መካከለኛ አንጀት እንደ ሰው ጨጓራ ኮምጣጣ አይደለም፤ ይልቁንም እንደ አመድ ውኃ የሚፋጅ ነው። ቅንጣቱ በዚህ ውኃ ይሟሟል። ቀጥሎ የእጭዋ የራሷ የምግብ መፍጫ ቅመሞች ፕሮቲኑን ይቆርጡትና ይስሉታል። የተሳለው መርዝ በአንጀቷ ግድግዳ ላይ በሚገኙ፣ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር በሚገጥሙት ልዩ ልዩ መያዣዎች ላይ ይጣበቃል። ከዚያም በርከት ብሎ እየተሰበሰበ ግድግዳውን ይበሳዋል። በቀዳዳው ውኃና ጨው ሲገባ የአንጀቷ ሕዋሳት አብጠው ይፈነዳሉ። እጭዋ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መብላት ታቆማለች፤ አብዛኛውን ጊዜም በ24 ሰዓት ውስጥ ትሞታለች። እንግዲህ መርዙን አሟሙታና ስላ የምታዘጋጀው ራሷ ናት ማለት ይቻላል።

ዓሣው፣ ንቡ፣ ላሚቱና ሰው የማይጎዱትም በዚሁ ምክንያት ነው። የሰው ጨጓራ ኮምጣጣ በመሆኑ ቅንጣቱን በዚያ መልክ አያዘጋጀውም፤ ከአንጀታችንም ላይ ለመርዙ የሚገጥም መያዣ የለም። በዚህም የተነሣ የዓለም ጤና ድርጅት የጥራት ደረጃውን ጠብቆ የተመረተ ቢ.ቲ.አይ. በመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ እንኳ ለትንኝ መከላከያ ሊውል እንደሚችል አስታውቋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ኩሬ ላይ ከማፍሰስ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው። ዘይቱ እጭዋን አፍኖ ይገድል ይሆናል፤ ነገር ግን ውኃውን ለከብትም ለአትክልትም ያበላሻል።

ሌላው ብርታቱ ትንኟ በቀላሉ የማትለምደው መሆኑ ነው። በቅንጣቱ ውስጥ ያለው መርዝ አንድ ሳይሆን አራት ዋና ዋና ዓይነት ነው። ሦስቱ፣ ባለሙያዎች ክራይ የሚሏቸው፣ የአንጀቱን መያዣ ይሻሉ። አራተኛው፣ ሳይት የሚባለው፣ መያዣ ሳይፈልግ በራሱ ከሕዋሱ ስብ ላይ ይጣበቃል፤ አልፎ ተርፎም ለጓደኛው መርዝ መያዣ ይሆንለታል። እጭዋ አንዱን መያዣ ለውጣ ብታመልጥ በሌላው ትያዛለች። በጀርመን የራይን ወንዝ ሸለቆ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በምዕራብ አፍሪካም የወንዝ ዕውርነት አስተላላፊ ዝንብን ለማጥፋት በየወንዙ ሲጨመር ኖሮ በመስክ ላይ ያን ያህል የሚያሰጋ መላመድ አልታየም። ባሲለስ ስፌሪከስ የተባለው የቅርብ ዘመዱ ግን በአንድ መያዣ ብቻ ስለሚሠራ በሕንድ፣ በብራዚልና በፈረንሳይ ቢምቢዎች ለምደውታል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ማስገባት ይገባል። ለጎመንና ለቲማቲም ትል የሚረጭ ከዚሁ ባክቴሪያ ሌላ ወገን የሚሠራ ፀረ ተባይ አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲዘራ የፈቀደችው ትል የሚቋቋም ጥጥም የዚሁ ባክቴሪያ መርዝ የተሰጠው ነው። ስማቸው ቢመሳሰልም የአባጨጓሬውን አንጀት የሚበሳው መርዝ የትንኟን አይበሳም። ከአትክልት መድኃኒት ሻጭ ገዝቶ ኩሬ ውስጥ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው።

ድካሙም የሚነሣው ከዚያው ከአገዳደሉ ነው። መርዙ የሚሠራው ሲበላ ብቻ ነው። የትንኝ እንቁላል አይበላም። እጭነቷን ጨርሳ ሙሽሬ የሆነችው፣ ጀርባዋ የጎበጠው፣ አትበላም። ወደ ሙሽሬነት የተቃረበች ትልቅ እጭም መብላት ትተዋለች። ስለዚህ ዛሬ መድኃኒት በተጨመረበት ኩሬ ነገ ሙሽሬ መታየቱ መድኃኒቱ ለመክሸፉ ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን ያች ሙሽሬ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ትንኝ ሆና ትበራለች። በቆላ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ትንኝነት ያለው ጊዜ ወደ አንድ ሳምንት ሊያጥር ስለሚችል፣ መድኃኒቱ በየሳምንቱ ገደማ መደጋገም አለበት። ባክቴሪያው በኩሬው ውስጥ እንደ ልብ አይራባም፤ ፀሐይ ያዳክመዋል፤ ቅንጣቱም ወደ ታች ይዘቅጣል። የወባ ትንኝ እጭ ከላይ የምትመገብ በመሆኗ ከዘቀጠው አታገኝም። ጎርፍ ያደፈረሰው ውኃ ደግሞ የባሰ ነው። እጭዋ ሆዷን በጭቃ ስለምትሞላ የምትውጠው መርዝ ያንሳል። በሌላ አነጋገር አንድ ሳምንት መዝለል ማለት አንድ ትውልድ ትንኝ መልቀቅ ማለት ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ሥጋት ብቻ አይደለም። በአፍሪካ ውስጥ የተደረጉ ሁለት ሙከራዎች ተቃራኒ ውጤት ሰጥተዋል። በምዕራብ ኬንያ ደጋማ ሸለቆዎች፣ ውኃው በሸለቆው ወለል ተወስኖ በሚገኝበት አገር፣ አጎበር ላይ ይኸው የባክቴሪያ መድኃኒት ሲታከል ሕፃናት በወባ አዲስ የመያዛቸው ዕድል ከግማሽ በላይ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2009 ተገልጿል። በጋምቢያ ወንዝ ዳርቻ ግን ወንዙ በዝናቡ ወራት ሜዳውን ሰፊ አድርጎ ስለሚያጥለቀልቀው፣ እግረኛ ሠራተኞች ረግረጉን ሁሉ ለመድረስ ተስኗቸው በ2010 የወጣው ውጤት ወባን መቀነስ አለመቻሉን አሳይቷል። መድኃኒቱ በሁለቱም አገር ከአንድ ዓይነት ባክቴሪያ የተሠራ ነበር። ልዩነቱ የውኃው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ዘዴ የሚያዋጣው የመራቢያ ውኃው ጥቂት፣ ቋሚና በቀላሉ የሚገኝ ሲሆን ነው የሚለውም ከዚህ በመነሣት ነው።

ታዲያ የይፋት ቆላ ኬንያ ነው ወይስ ጋምቢያ? መልሱ እንደ ወሩ ይለያያል። በሐምሌና በነሐሴ ከታርማ በር ተዳፋት የሚወርደው ጎርፍ ወንዙን ሁሉ ይሞላል፤ እጭም ጠራርጎ ይወስዳል። በመስከረም ጎርፉ ሲረጋ በየመንገዱ፣ በየማሳው፣ በከብት ኮቴ ዱካ ውስጥ ሳይቀር ውኃ ይቋጥራል። ያን ሁሉ ተከታትሎ መድኃኒት መጨመር የማንም ቀበሌ ጉልበት አይችለውም። በዚያ ወቅት አስተማማኙ አጎበርና ርጭት ነው። ኅዳር ካለፈ በኋላ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። የሮቢና የጀውሃ ወንዞች ሲጎድሉ በአሸዋው መካከል ቁጥራቸው የሚታወቅ ኩሬዎች ይቀራሉ። ከእነዚህ ሌላ የሚገኘው ውኃ ገበሬው ራሱ ለመስኖ የጠለፈው ነው፤ የሚያፈስ ቦይ፣ ከሽንኩርት ማሳ የተረፈ ውኃ የሚተኛበት ጥግ፣ ለጡብና ለቤት ሥራ አፈር የተቆፈረበት ጉድጓድ። ትንኟ ደረቁን ወራት አልፋ ለበልግ የምትደርሰው በእነዚህ ነው። በበጋ የሚደረገው ዘመቻ ዋጋ የሚኖረውም የበልጉን ትንኝ በዘሯ ላይ ስለሚቀንስ ነው።

እዚህ ላይ ለአመራሩ የሚቀርበው አስቸጋሪ ምርጫ መድኃኒትን ከአካፋ ጋር ማመዛዘን ነው። በትግራይ እ.ኤ.አ. በ1999 በዶክተር ቴድሮስ አድኃኖምና በባልደረቦቻቸው የወጣ ጥናት፣ በአነስተኛ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት 7 እጥፍ ያህል በወባ እንደሚያዙ አሳይቶ ነበር። ቀጥሎ ደባ በተባለ ግድብ አካባቢ ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ከግድቡ ሥር የሚመነጨውን ውኃ አፋሰሱ፤ የሚያፈሰውን ቦይ ጠገኑ፤ ጉድጓዱን ሞሉ። የወባ ትንኝ ቁጥር በ49 በመቶ መቀነሱ በ2005 ተገልጿል። ይህ የተገኘው ያለ አንዳች መድኃኒት ነው። ሊደፈን የሚችል ኩሬ እያለ በየሳምንቱ መድኃኒት መጨመር የሚያፈስ እንስራ መሙላት ነው። ቦዩ ሲጠገን ደግሞ ለሽንኩርቱ የሚደርሰው ውኃ ይበዛል፤ ይህ ትርፍ ገበሬውን ለሥራው የሚያነሣሣ ነው። መድኃኒቱ የሚያስፈልገው ከብት ስለሚጠጣው ወይም ወንዝ በመሆኑ ሊደፈን ለማይችለው ውኃ ነው። በጂማ ዞን ቦተር ጦላይ ወረዳ ከ2016 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በኅብረተ ሰቡ ተሳትፎ የተካሄደው ሥራም አጎበሩንና ረግረግ ማጠንፈፉን ከባክቴሪያው መድኃኒት ጋር አጣምሮ የያዘ ነበር።

ከምሥራቅ የመጣ ሌላ ሥጋትም አለ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የእስያ የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሐር ነው። በ2018 በተደረገው ፍተሻ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በድሬ ዳዋና ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በባቲ ጭምር ተገኝታለች። በ2022 በድሬ ዳዋ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋር ግንኙነት እንዳላት ተረጋግጧል። ይህች ትንኝ ወንዝና ረግረግ አትጠብቅም፤ በበርሜል፣ በውኃ ታንከርና በግንባታ ጉድጓድ ትራባለች፤ በበጋም አታርፍም። የይፋት ቆላ ከአፋር ጋር የሚዋሰን ስለሆነ፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬም እያደጉ ያሉ ከተሞች በመሆናቸው በቸልታ የሚታይ አይደለም። የበርሜል ውኃ ጥቂት፣ ቋሚና የሚገኝ ከሚባለው ውስጥ ነው፤ ክዳን ሊገጠምለት የማይችለው በባክቴሪያው መድኃኒት ሊጠበቅ ይችላል።

መድኃኒቱ ከሩቅ አገር ብቻ የሚመጣ አለመሆኑም ይታወቅ። በታንዛኒያ ኪባሃ ከተማ ከኩባ ጋር በመተባበር የተቋቋመ ፋብሪካ በ2015 እ.ኤ.አ. ተመርቋል። ያም ሆኖ በገጠሩ አጠራር እስከ ዛሬ ገበሬ ማኅበር የሚባለው ቀበሌ በራሱ ገዝቶ የሚረጨው ሳይሆን፣ ዓይነቱና መጠኑ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በኩል የሚወሰን መሆን ይኖርበታል።

ከአመራሩ የሚጠበቀው ግን የጤና ባለሙያው ከሌላ ሊያገኘው የማይችለው ዕውቀት ነው። የትኛው ኩሬ እስከ የካቲት ይዘልቃል? የትኛው ቦይ ያፈስሳል? የውኃ አባት ተራውን ለማን ሲሰጥ ትርፉ የት ይተኛል? ይህን የሚያውቁት የመስኖው ተጠቃሚዎች ናቸው። ኩሬዎቹ ተቆጥረው በመዝገብ ቢሰፍሩ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ኃላፊ ሰው ቢመደብና ሳምንታዊው ቀን ቢታወቅ፣ ሥራው መሠራቱን ለመቆጣጠር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ነጭ ጭልፋ ይበቃል። መድኃኒቱ ከመጨመሩ በፊት ከኩሬው ጠርዝ ዐሥር ጭልፋ ውኃ ተቀድቶ እጮቹ ይቆጠራሉ፤ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት እንደገና ይቆጠራሉ። ጥቂት ሙሽሬዎች ብቻ ከቀሩ መድኃኒቱ ሠርቷል። ትንንሽ እጮች እንደ ወትሮው ሲንቀሳቀሱ ከታዩ ግን መድኃኒቱ አርጅቷል፣ ወይም ውኃው ደፍርሷል፣ ወይም የተመደበው ሰው ያንን ኩሬ ዘሎታል።